የቁልቋል ወተትና የልጅ ጣት

ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቱ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። በቀኝ እጇ አመልካች ጣት ላይ፣ ከጥፍሯ ሥር፣ ሽምብራ የምታክል ሸካራ ኪንታሮት ወጥታባታለች፤ ከአጠገቧም ሁለት ትንንሾች ብቅ ብለዋል። እርሳስ ስትይዝ ይነካባታል፤ ጭራሮ ስትለቅም ይደማባታል። የክፍል ጓደኞቿ «ኮከብ ቆጥረሽ ነው» ይሏታል፤ እሷም ማታ ማታ ወደ ሰማይ ቀና ማለት ትታለች።

አያቷ ከአጥሩ ላይ የቁልቋሉን ጫፍ በቢላ ነካ አደረጉት። ነጩ ወተት ወዲያው ተንጠባጠበ። አንዲት ጠብታ በስንደዶ ጫፍ አነሱ። ከዚያ በፊት በኪንታሮቷ ዙሪያ ያለውን ደህና ቆዳ ቅቤ ቀብተውት ነበር፤ «ወተቱ ቅቤውን አይሻገርም» አሉኝ። ልጅቱ ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጨፍናለች። እናቷ ከኋላ ሆና ግራ እጇን አጥብቃ ይዛለች። «እምዬ፣ አደራ ዓይኗን እንዳይነካት» ትላለች ደጋግማ።

ይህን በችኮላ ማውገዝ ቀላል ነው። እጃቸውን ላስተዋለ ሰው ግን አያት የሚያደርጉትን ያውቃሉ። ደህናውን ቆዳ በቅባት መከለል፣ መድኃኒቱን በቀጭን ነገር ጫፍ ከኪንታሮቱ አናት ላይ ብቻ ማሳረፍ፣ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ቀናት መጠበቅ፣ እነዚህ ሁሉ የፋርማሲ ባለሙያ ከሚሰጠው ምክር ጋር የሚገጥሙ ናቸው። የእናትየዋም ፍርሃት ልክ ነው። ሁለቱም ሴቶች ከያዙት እውነት ጎን ለጎን መቀመጥ ያለበት ሦስተኛ ነገር አለ፤ እሱም ኪንታሮቱ ራሱ ምን እንደሆነ ነው።

ኪንታሮት የቫይረስ ሥራ ነው። ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ የሚባለው ቤተሰብ ከ200 በላይ ዓይነቶች አሉት፤ በልጆች እጅና እግር ላይ የሚወጣውን በአብዛኛው የሚያመጡት 1፣ 2፣ 4፣ 27 እና 57 በሚሉ ቁጥሮች የሚታወቁት ናቸው። ቫይረሱ በጭረት፣ በተነከሰ ጥፍር ጥግ ወይም ውሃ ባራሰው ቆዳ በኩል ይገባና የላይኛው የቆዳ ሽፋን ከልክ በላይ እንዲወፍር ያደርጋል። ወደ ደም አይዘልቅም፤ ከሥር ያለውን ሥጋም አይነካም። እ.ኤ.አ. በ1907 ጁሴፔ ቹፎ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ከኪንታሮት ያወጣውን ፈሳሽ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አሳልፎ ቆዳ ውስጥ ሲያስገባው፣ ጊዜ ቆይቶ ኪንታሮት ወጣ። ነገሩ ተላላፊ መሆኑና መንስኤውም ከባክቴሪያ ያነሰ መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ቫይረሱ ከያዘበት ቀን አንሥቶ ኪንታሮቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ያልፋል። ጥር ላይ ከጓደኛው የወሰደው ልጅ ኪንታሮቱን የሚያየው ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ይችላል። መነሻው በዚህን ያህል ሲርቅ ምክንያቱን ከሰማይ መፈለግ አያስገርምም። ጉዳቱ የሚመጣው ልጅ በኪንታሮቷ ስታፍርና ጥፋተኛ ነኝ ብላ ስታምን ነው። ኮከብ የቆጠረም ያልቆጠረም ልጅ ይወጣበታል፤ ይህን አንድ አስተማሪ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ቢናገር ብዙ ልጆች እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ።

ከብት አርቢ ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ አለው። ጥጃ አፍንጫውና ጆሮው ላይ ኪንታሮት ሲወጣበት ያየ እረኛ ልጁ ከጥጃው የወሰደ ይመስለዋል። የከብቱ ቫይረስ የራሱ ዘር አለው፤ ሰው ቆዳ ላይ ኪንታሮት አያወጣም። የልጅ ኪንታሮት የሚመጣው ከሰው ነው፤ አብሮት ከተኛ ወንድሙ፣ እግሩን በጋራ ከታጠበበት ሳፋ፣ ከተዋዋሰው ጫማ፣ አንዳንዴም ከራሱ ጣት ወደ ራሱ ከንፈር። ጥፍሩን የሚነክስ ልጅ ከአንድ ጣት ወደ አሥሩ ሊያዛምተው ይችላል።

«ሥር አለው፤ ሥሩ ካልወጣ ተመልሶ ይበቅላል» የሚለው አባባል በገጠርም በከተማም ጠንካራ ነው። ኪንታሮት ሲፈቀፈቅ መሐሉ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች የሥር ጫፍ ይመስላሉ፤ እነሱ ግን ደም የረጋባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። የሚነቀል ሥር የለም። ተመልሶ የሚወጣው፣ በዙሪያው ባለው ደህና በሚመስለው ቆዳ ውስጥ ቫይረሱ ስለሚቀር ነው። ይህ ልዩነት ለልጁ ትልቅ ትርጉም አለው። ሥር ፍለጋ በምላጭ የሚቆፍር ሰው ጥልቅ ቁስልና ዕድሜ ልክ የማይጠፋ ጠባሳ ያተርፋል፤ ቫይረሱንም በምላጩ አማካይነት ወደ ዳር ይበትነዋል። ምላጩ የጋራ ከሆነ ጉበት የሚያጠቃው ቫይረስና ኤችአይቪ፣ ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ አብረው ይመጣሉ።

አሁን ስለ ኪንታሮት ከሁሉም በላይ መታወቅ ወደሚገባው ነገር እንምጣ። አብዛኛው የልጅ ኪንታሮት ማንም ሳይነካው ይጠፋል። በኔዘርላንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን የመረመሩ ሐኪሞች ከሦስት ልጆች አንዱ ኪንታሮት እንዳለበት አገኙ፤ ኪንታሮት የነበረባቸውን ልጆች ሲከታተሉም በአንድ ዓመት ውስጥ ግማሾቹ ነጻ ወጥተው ነበር። ሁለት ዓመት ሲሞላ ከሦስቱ የሁለቱ ይለቃል የሚለው ግምት በሐኪሞች ዘንድ የቆየ ነው። ቫይረሱ የሚኖረው ሊረግፍ በደረሰው የላይኛው ቆዳ ውስጥ ስለሆነ የሰውነት መከላከያ ቶሎ አያውቀውም። ያወቀው ዕለት ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጠፋል፤ መድኃኒት የተቀባውም ያልተቀባውም አብሮ ይረግፋል።

የኪንታሮት መድኃኒቶች ዝና የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። ቤተሰቡ አንዱን ሞክሮ ይተዋል፤ ሌላውን ይሞክራል፤ በስምንተኛው ወር ጎረቤት የነገረችውን ሦስተኛውን ሲጀምር ኪንታሮቱ ይጠፋል። ምስጋናው ለሦስተኛው ይሆናል፤ ያች ጎረቤትም መድኃኒት አዋቂ ትባላለች። ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1627 በታተመ መጽሐፉ፣ በልጅነቱ ፓሪስ ሳለ እጁ በኪንታሮት ተሞልቶ እንደነበር፣ የእንግሊዝ አምባሳደር ባለቤት የአሳማ ስብ ባለበት ቆዳ አሻሽታ ቆዳውን መስኮት ላይ ፀሐይ እንዲመታው እንደሰቀለችውና በአምስት ሳምንት ውስጥ ሁሉም እንደጠፋ ጽፏል። በማስረጃ መመራትን ለአውሮፓ ያስተማረ ሰው እንኳ ይህን በአድናቆት ነበር የመዘገበው።

ከዚህ ተነሥቼ አንድ ነገር በጥብቅ አምናለሁ። ራሱ የሚሄድን ነገር ለማባረር የሚደረግ ሕክምና ከበሽታው በላይ ሊጎዳ አይገባም። የኪንታሮት መድኃኒት ሁሉ መመዘን ያለበት በዚህ ነው። ልጁን ያሳምመዋል? ጠባሳ ይተዋል? ዓይኑን ያሰጋል? መልሱ አዎ ከሆነ፣ ኪንታሮቱን ሺህ ጊዜ ቢያጠፋም ዋጋው ተወዷል።

ቁልቋልም በዚሁ ሚዛን ይቀመጥ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታይ ዛፍ ነው፤ አጥር ይሆናል፣ ግንዱ ሲደርቅ ለቤት ሥራ ይውላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ አምስተኛ ጥራዝ ላይ ሥዕሉን ጭምር አስፍሮታል። ሁለት ቅርንጫፎች በጎራዴ ቆርጦ የፈሰሰው ወተት ብዛትና የማቃጠል ኃይሉ እንዳስደነቀው፣ የአገሩ ሰውም ቆዳ ሲያለፋ ጸጉሩን ለማርገፍ እንደሚጠቀምበት ጽፏል። ጸጉር ከበሬ ቆዳ የሚያራግፍ ወተት የልጅ ቆዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ኬሚስት መሆን አያስፈልግም።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ሲደርስ የተፈለገው ለተጓዥነቱ አልነበረም። ቁስቋም በሚገኘው የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ የመሳፍንቱን ልጆች ይዟቸው ነበርና ሐኪም ነው ተብሎ ተጠራ። እሱ ያደረገው ብዙ አልነበረም። የታፈኑትን ክፍሎች ከፈተ፣ አየር አስገባ፣ በዕጣንና በከርቤ አጠነ፣ ወለሉን በኮምጣጤ አሳጠበ። ከታመሙት ውስጥ ክንፉ የተባለው የወይዘሮ አስቴር ልጅ ዳነ። የጎንደር ልጆች ቆዳ ታሪክ ሲጻፍ ይህ ምዕራፍ መግባት አለበት። ትንሽ መሥራትና አለመጉዳት ሕክምና እንደሆነ ያስታውሰናልና።

የቁልቋል፣ የቅንጭብና የመሳሰሉት ዕፅዋት ወተት የሚያቃጥለው በውስጡ ባሉ ዳይተርፒን በተባሉ ንጥረ ነገሮች ምክንያት ነው። ቆዳን ያቆጣሉ፣ ውሃ ያስቋጥራሉ፤ ኪንታሮቱም የሚረግፈው ያረፈበት ቆዳ ስለሚቃጠል ነው። በቆላው ያለው ጦቢያው የተባለው ተክልም፣ በደጋው ጥሻ ውስጥ የሚሳበው አዞ ሐረግም ቆዳ ያቃጥላሉ። እንዲህ ያለ ወተት መድኃኒት ነው መባሉ መሠረተ ቢስ አይደለም። አንድ ትንሽ የቁልቋል ዘመድ ከሚሰጠው ወተት የተወሰደ ኢንጀኖል ሜቡቴት የተባለ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካና በአውሮፓ ፀሐይ ለጎዳው ቆዳ የሚቀባ መድኃኒት ሆኖ ጸድቆ ነበር። በ2020 ግን የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እንዲቆም አደረገው፤ በተቀቡት ሰዎች ላይ የቆዳ ካንሰር በዝቶ መታየቱ አሳስቦት ነው። በሚሊግራም ተለክቶ፣ በቱቦ ታሽጎ የቀረበው እንኳ ይህን ያህል ጥያቄ ካስነሣ፣ ከአጥር የተቀነጠበው ጠብታ ማን ለክቶት?

ከሁሉ የሚከፋው ዓይን ነው። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ሲገባ ሕመሙ መጀመሪያ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ሰዓታት ሲያልፉ ዓይኑ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ብርሃን ማየት ያቅተዋል። የዓይኑ መስታወት ቆስሎ፣ ውስጡም ተቆጥቶ፣ ሳይታከም ከቆየ ማየት ሊያሳጣ ይችላል። ልጅ ደግሞ ጣቱን ሳያስበው ዓይኑ ላይ ያሻል፤ መድኃኒቱ ያለው በዚያው ጣት ላይ ነው። እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ ዓይኑን ገልጦ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያለማቋረጥ ማጠብና በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ወተት፣ ማር ወይም ቅቤ መጨመር ጊዜ ማባከን ነው። ስለዚህ ፍርዴ ግልጽ ነው፤ የአያት እጅ ምንም ያህል ጥንቁቅ ቢሆን፣ ቁልቋል ለልጅ ጣት አይሆንም።

ይህን ስል የደጋው ሰው የዕፅዋት ዕውቀት ይጣል ማለቴ አይደለም። የጎንደር ደብተራዎች ትውልድ ተቀባብሎ ያቆያቸው የመድኃኒት መጻሕፍት አሉ። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን የኢትዮጵያን የሕክምና ድርሳናት ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትሟል፤ ገላሁን አባተ ያዘጋጁት «ዕፀ ደብዳቤ» ደግሞ በ1989 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት ለንባብ በቅቷል። ችግሩ ብዙ ባለ መድኃኒቶች ዕውቀታቸውን በምስጢር መያዛቸው ነው። ቅጠሉን ጎሕ ሳይቀድ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ ይቆርጣሉ፤ ለልጃቸው ብቻ ያወርሳሉ። ምስጢር የሆነ ነገር መጠኑ አይመረመርም፤ ያቃጠለውም ልጅ አይቆጠርም።

ጎንደር ከተማ ውስጥ ያሉ እናቶች ቁልቋል አጥራቸው ላይ ባይኖርም ማድቤታቸው ባዶ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ተቀጥቅጦ በፕላስተር ይታሰራል፣ አቼቶ በጥጥ ይደረጋል። ሁለቱም አሲድነት ወይም የማቃጠል ባሕርይ ስላላቸው ቆዳ ይልጣሉ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ሌሊቱን ሙሉ የታሰረበት የልጅ ቆዳ እንደ እሳት ቃጠሎ ውሃ ሲቋጥር ሐኪሞች በተደጋጋሚ መዝግበዋል። በፈረስ ጭራ አሥሮ መጣልም የቆየ ዘዴ ነው፤ አንገት ያለው ተንጠልጣይ ሥጋ ላይ ይሠራ ይሆናል፣ ጣት ላይ ለተዘረጋ ኪንታሮት ግን ጭራው የሚይዘው ነገር የለም፤ ሲጠብቅ የሚያንቀው ደህናውን ቆዳ ነው። በጋለ ብረት መተኮስን በተመለከተ አንድ ቃል ይበቃል፤ ልጅ አይተኮስም።

ታዲያ እቤት ውስጥ ምን ይደረግ? አራዳ አካባቢ ባለ አንድ ፋርማሲ፣ ልጇን ይዛ የመጣች እናት መስኮቱ ሥር ቆማ ስትጠይቅ አዳመጥኩ። ባለሙያዋ የልጁን ጣት ወደ ብርሃን አዙራ ካየች በኋላ «እታለም፣ ይሄ ይጠፋል፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል» አለቻት። ያቀረበችላት ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ጠብታ ነበር። ይህ ንጥረ ነገር መጀመሪያ የተገኘው በወንዞቻችን ዳር የሚበቅለው አኻያ ዘመድ ከሆኑ ዛፎች ቅርፊት ነው። በኪንታሮት ላይ ከተሞከሩት የቤት ውስጥ ሕክምናዎች ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለውም እሱ ነው። ለልጅ ጣት የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ 17 በመቶ ገደማ የሆነው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሳያቋርጡ መቀጠል ነው። ማታ ከመኝታ በፊት ጣቱን ለብ ባለ ውሃ ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ መዘፍዘፍ። የራሰውን ነጭ ቆዳ በሻካራ ድንጋይ ወይም በጥፍር መሞረጃ በቀስታ ማሻሸት፤ ደም እስኪወጣ ግን አይደለም። ያ ድንጋይ የኪንታሮቱ ብቻ ይሁን፤ እናት ተረከዟን የምታሽበት መሆን የለበትም። ከዚያ በዙሪያው ቫዝሊን መቀባት (የዳባቷ አያት ቅቤ ሥራ እዚህ ጋ ይመጣል)፣ አንድ ጠብታ አናቱ ላይ ማሳረፍ፣ ሲደርቅ በፕላስተር መሸፈን። ይህ እስከ 12 ሳምንት ድረስ ሊቀጥል ይችላል። ቆዳው ከቀላና ካመመ ጥቂት ቀን ማረፍ፣ ከዚያ መቀጠል። ፊት ላይ፣ ከንፈር ላይ፣ ብልት አካባቢ ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ የስኳር ሕመም ያለበት ልጅም ሐኪም ሳያየው አይጀምር።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ብዙ ቤት ውስጥ ዊትፊልድ የሚባለው ቅባት አለ፤ ለጭርት የሚሰጥ ነው። እሱም ሳሊሲሊክ አሲድ አለበት፣ ነገር ግን 3 በመቶ ብቻ ነው። ኪንታሮት ላይ ለወራት ቀብተው «መድኃኒቱ አይሠራም» የሚሉ ሰዎች የተሳሳተውን ዕቃ ይዘው ነው።

ስለ ፕላስተር ብቻም የሚነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ ወፍራሙ ግራጫ የማሸጊያ ፕላስተር ለስድስት ቀን ተለጥፎ እየተነሣ ሲደጋገም ከመቶ 85 ልጆች ኪንታሮታቸው ጠፋ፣ በቅዝቃዜ ከታከሙት ደግሞ 60 ሲል ዓለምን አስደስቶ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በኔዘርላንድ 103 ተማሪዎች ላይ ሲደገም የጠፋላቸው ከመቶ 16 ብቻ ነበሩ። ማስረጃው ደካማ ነው፤ ሆኖም ፕላስተር አያቃጥልም፣ ጥፍር ነካሽን ልጅ ከመንከስ ይከለክላል፣ ኪንታሮቱንም ከሌሎች ልጆች ይጋርዳል። ምንም አለማድረግ ለሚከብዳት እናት ከቁልቋል ይልቅ እሱን እመርጥላታለሁ። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ኪንታሮትን ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ያማል፣ ይደጋገማል፣ ለትንሽ ልጅ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው ልጁ ላይ የወጣው ነገር በእርግጥ ኪንታሮት ከሆነ ነው። በሰሜን ጎንደር ደጋ ይህ «ከሆነ» የሚለው ቃል ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም እዚህ ቁንጭር አለ።

ቁንጭር ሌሽማኒያ ኤትዮፒካ በተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ተለይቶ ስም በተሰጠው ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ የቆዳ በሽታ ነው። ተሕዋሱ የሚኖረው በገደልና በቋጥኝ ውስጥ በሚኖረው ሽኮኮ ሰውነት ነው፤ ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሸጋግረው ከትንኝ የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የማታሰማ፣ ሌሊት የምትነድፍ የአሸዋ ዝንብ ናት። ቋጥኝና ገደል፣ ሽኮኮ፣ በገደሉ አፋፍ የተሠራ ቤት፣ ይህ ሁሉ የሰሜን ተራሮች አገር የዕለት ተዕለት ገጽታ ነው። በመላ ኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሰው በቁንጭር ይያዛል ተብሎ ይገመታል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ናቸው።

ሲጀምር የማያምና የማያሳክክ ትንሽ እብጠት ነው። እናት «ኪንታሮት ነው፣ ይጠፋል» ብትል አይፈረድባትም። በወራት ውስጥ ግን ይሰፋል፣ ይቀላል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ አንዳንዴ ፈሳሽ ያዣል። የሚወጣው በብዛት ሌሊት ሳይሸፈን በሚያድረው ፊት ላይ ነው፤ ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ ጆሮ። ኪንታሮት ደግሞ ብዙውን ጊዜ እጅና እግር ላይ ነው፤ ላዩ ሸካራ ነው፣ ሲፈቀፈቅ ጥቁር ነጠብጣብ ያሳያል። ይህ ልዩነት ሁልጊዜ አይሠራም፤ ለመጀመሪያ ጥርጣሬ ግን በቂ ነው። ፊት ላይ የወጣ፣ ከወር በላይ የቆየና እያደገ ያለ ነገር ምንም ነገር ሳይቀባ መታየት አለበት።

ቁንጭር ላይ ቁልቋል፣ አሲድ ወይም የጋለ ብረት ያረፈበት ልጅ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ቃጠሎው የራሱን ቁስል ይጨምራል፤ ቅርፊቱ የበሽታውን መልክ ስለሚለውጥ ሐኪሙ መለየት ይቸገራል። ቁንጭር ራሱም ቀስ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሊድን ይችላል፤ ነገር ግን ጉንጭ ላይ ጎድጓዳ ጠባሳ ትቶ ነው። አንዳንዱ ዓይነት ወደ አፍንጫና አፍ ውስጥ ዘልቆ ያበላሻል፣ አንዳንዱ ደግሞ ፊትን ሙሉ ይሸፍናል። ጠባሳ የያዘች ልጅ ከትምህርት ቤት ስትቀር፣ ስታድግ ስለ ትዳር ስትጨነቅ፣ በሽታው ቆዳ ላይ ብቻ እንዳልቀረ ያስታውቃል።

ምርመራው ከቁስሉ ዳር በትንሽ ምላጭ ፈቅፍቆ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ሕክምናው እንደ ቁስሉ ብዛትና ቦታ ይለያያል፤ በቅዝቃዜ ማከም፣ እቁስሉ ላይ መርፌ መውጋት፣ ወይም ለሳምንታት በየቀኑ የሚወጋ መድኃኒት ነው። ይህን ሁሉ ጎንደር ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ደንቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ በሆስፒታሉም የቆዳ ክፍልና የሌሽማኒያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ለሚመጣ ቤተሰብ መንገዱ ሩቅ፣ ወጪውም ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህም ነው የጣት ኪንታሮት ይዞ መሄድ እንደማያስፈልግ፣ የጉንጭ እብጠት ይዞ መሄድ ግን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማወቁ የሚጠቅመው። ያለው ገንዘብ በትክክለኛው ቀን ይወጣል።

ሌላም ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ምልክት አለ። የልጁ ኪንታሮት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሰውነቱ ሁሉ ከተበተነ፣ ሰውነቱም ከከሳና ትኩሳት ከተመላለሰበት፣ መከላከያው ደክሞ ሊሆን ስለሚችል የኤችአይቪ ምርመራን ጨምሮ መታየት ይገባዋል። ብልት አካባቢ የወጣ ደግሞ የግድ በሐኪም ይታያል። መሐላቸው ጎድጎድ ያሉ፣ ለስላሳና የሚያብረቀርቁ እብጠቶች ሌላ ቫይረስ የሚያመጣቸው ናቸው፤ እነሱም በራሳቸው ይጠፋሉ፣ አሲድ ግን አይወዱም።

ስለ ክትባትም ወላጆች ይጠይቃሉ። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት የሚከላከለው የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጡትን 16ኛውንና 18ኛውን፣ የብልት ኪንታሮት የሚያመጡትን 6ኛውንና 11ኛውን ዓይነቶች ነው። የጣትን ኪንታሮት አይነካም። ልጃገረዷ ግን ጣቷ ላይ ኪንታሮት ኖረም አልኖረም ክትባቱን ትውሰድ፤ የሚጠብቃት ከሞት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች ያሉበት ጤና ኬላ አቁሟል። እነዚህ ሴቶች ክትባትና የወሊድ ጉዳይ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ የልጁን ጣትና ጉንጭ ከማንም በፊት የሚያዩት እነሱ ናቸው። ኪንታሮትንና ቁንጭርን ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድ ሥዕል በጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ከመደርደሪያውም ላይ ጥቂት የሳሊሲሊክ አሲድ ጠርሙሶች ቢኖሩ፣ በጋቸውን ሽኮኮ በሚዘልበት ቋጥኝ ሥር ከብት ሲጠብቁ ለሚያሳልፉ ልጆች ወጪው ትንሽ ነው። የሰሜን ጎንደርና የማዕከላዊ ጎንደር ዞን ጤና መምሪያዎች ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ ነው።